በዋሻ የተነሣ ጥያቄ፦ በእግዚአብሔር ህልውና ላይ ስለሚቀርቡ የፍልስፍና ክርክሮች

በሐሙሲት ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



በዚህ ርእስ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ስጋት ነበር። ሐሙሲት ያደግሁባት ከተማ ናት። ከፊቴ ከተቀመጣችሁት መካከል ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ በቤታችን ለቅሶ ሲገባ ድንኳን የተከሉልን ሰዎች አሉ። በእነርሱ ፊት ቆሞ «እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው» ብሎ መዘርዘር ቀላል አይደለም። ርእሱን እንድለውጥ የመከረኝ ወዳጅም አልጠፋም። ያልለወጥሁት ጥያቄው በተማሪዎቻችን ዘንድ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። በሹክሹክታ የሚጠየቅ ጥያቄ ደግሞ መልሱም በሹክሹክታ ስለሚሰጥ ማንም አይመረምረውም።

ዛሬ የቆምሁት ለመስበክም ሆነ ለማስካድ አይደለም። የፍልስፍና ክርክር ከመንደርደሪያ ተነሥቶ ወደ መደምደሚያ የሚያደርስ የሐሳብ ሰንሰለት ነው። መንደርደሪያዎቹን ከተቀበልንና ሰንሰለቱ ካልተበጠሰ መደምደሚያውን ለመቀበል እንገደዳለን። ካልተቀበልን ደግሞ የትኛው ቀለበት እንደ ላላ ማሳየት ይጠበቅብናል። ቁጣም ሆነ ሽሙጥ ቀለበት አይበጥስም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ከሥሩ ልጀምር።

ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ ነውን?

በእግዚአብሔር ህልውና ላይ ጥያቄ ማንሣት የፈረንጅ ትምህርት ያመጣው ጣጣ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ወረታንና አዲስ ዘመንን ካለፋችሁ በኋላ እንፍራዝን ታገኛላችሁ። በግእዝ የተጻፈው «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ደራሲው የኖረውና መጽሐፉን የጻፈው በዚያው በእንፍራዝ እንደ ሆነ ይናገራል።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዶ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን አገሩ በሃይማኖት ተከፈለ። እርሱም በንጉሡ ዘንድ በጠላት ተከሰሰና ጥቂት ወርቅና የዳዊት መዝሙር ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖተ አበው እንዲመለስ ዐውጀው ካረፉ በኋላ ወደ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ዘንድ ተጠጋ። ልጆቹን አስተማረለት፤ ወልደ ሕይወት የተባለው ደቀ መዝሙሩም ከእነርሱ አንዱ ነው።

እዚህ የሚያስፈልገን በዋሻው ውስጥ የሆነው ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በየዕለቱ ይጸልይ ነበር። አንድ ቀን ግን ራሱን ያዘውና ጠየቀ፤ ወደ ማን ነው የምጸልየው? የሚሰማኝስ አለን? ሰዎች በስሙ ሲጨካከኑ የሚያይ ከሆነስ ለምን ዝም ይላል? ይህን የጠየቀው ዳዊት በእጁ የያዘ፣ ጸሎቱንም ያላቋረጠ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከእምነት ውጭ ሆኖ የተወረወረ ድንጋይ አልነበረም፤ ከጸሎቱ መካከል የወጣ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በመጨረሻ እግዚአብሔር አለ ብሎ ደመደመ። ከመደምደሙ በፊት ግን የተቃራኒውን ወገን ጥያቄ ሳያለዝብ አስቀመጠው።

ስለ ደራሲው ክርክር እንዳለ መሸሸግ ተገቢ አይደለም። የመጽሐፉን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 የግእዙን ጽሑፍ ካሳተመ በኋላ፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉ የሚሲዮናዊው የራሱ ድርሰት ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በሰፊው ተከራከሩ። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን ደግሞ በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን በአዲስ ማስረጃ ደገፈች። ነገሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ለዛሬው ጉዳያችን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ክርክር በደራሲው ማንነት አይመዘንም። ሁለት መንደርደሪያ መደምደሚያውን የሚወልድ ከሆነ በአክሱማዊ ደብተራም ይጻፍ በኡርቢኖ መነኵሴ ያው ይወልደዋል። ሁለተኛ፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖም ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በዚሁ በበጌምድር ኖሮ ግእዝ ያጠና ሰው ነበር። እንግዲህ ከሁለቱ ወገን ማንኛውም ቢረታ፣ ጥያቄው በዚህ ደጋ በግእዝ ቋንቋ ተጽፏል። የባዕድ ነው ብለን ልናሰናብተው አንችልም።

የማስረጃ መውደቅና የህልውና መካድ

አሁን ወደ ክርክሮቹ እንግባ። የመጀመሪያው ወገን በእግዚአብሔር ህልውና ማስረጃዎች ላይ የሚነሣ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ያቀረበው ማስረጃ በዓለም ፍልስፍና ውስጥ በሰፊው የታወቀው ነው፤ እኔን የወለዱኝ ወላጆቼ፣ እነርሱንም ወላጆቻቸው፤ ይህ ሐረግ ወደ ኋላ ያለ ማቋረጥ ሊሄድ ስለማይችል ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት። ኢብን ሲናም ቶማስ አኵዊናስም በየራሳቸው መንገድ ከዚህ ጋር የተዛመደ ነገር አስተምረዋል።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1779 በታተመው የምልልስ መጽሐፉ ተቃውሞ አነሣ። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት ምክንያት ካለው፣ ለሰንሰለቱ በሙሉ ሌላ ምክንያት መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? የግድ የሆነ ቦታ የምንቆም ከሆነስ ለምን በዓለም ላይ አንቆምም? አማኑኤል ካንት በ1781 ምክንያትና ውጤት የሚለው ሕግ የሚሠራው በልምዳችን ክልል ውስጥ ነው፤ ከልምድ ሁሉ ባሻገር ላለ ነገር ልንዘረጋው አንችልም አለ። በርትራንድ ራስልም በ1948 ከኢየሱሳዊው ካህን ከኮፕልስተን ጋር በእንግሊዝ ሬዲዮ ሲከራከር፣ ዓለም እንዲሁ አለች፤ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አያስፈልጋትም የሚል አቋም ያዘ።

የአማኞቹ ወገንም ዝም አላለም። ባይኖር ሊቻል የሚችል ነገር ቢበዛ ቢደረደር የግድ የሚኖር ነገር አይሆንምና ዓለም ራሷን አትሸከምም ይላሉ። ይህ ጠንካራ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚስቱትን አንድ ነገር ላስታውስ። ማስረጃው ቢወድቅ እንኳ የወደቀው ማስረጃው ነው። የጉማራን ምንጭ የሚያሳይ ካርታ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ጉማራ ምንጭ የለውም ማለት አይደለም፤ ከጉና መነሣቱን አይተወውም። በሌላ በኩል ማስረጃው ቢቆምም የሚያስገኘው የመጀመሪያ ምክንያትን ብቻ ነው። በዋሻው የነበረው ሰው የጠየቀው ግን የሚሰማኝ አለን ብሎ ነው። የመጀመሪያ ምክንያት የግድ ጆሮ ይኖረዋል ማለት አይቻልም።

የዝምታ ክርክር

ሁለተኛው ክርክር ከዚሁ ይቀጥላል። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም እውነት በእኔ ዘንድ ናት ይል ነበር። እስላሙና አይሁዱም እንዲሁ። እርሱም እነዚህን ሁሉ ማን ይፈርዳቸዋል ብሎ ተጨነቀ። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ሊናገር ከወደደ ለምን ሁሉም በአንድነት አይሰሙትም? የእርሱ መልስ ጥፋቱን ወደ ሰው ያዞራል፤ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ይይዛሉ፤ መመርመርም ያደክማቸዋል።

ካናዳዊው ፈላስፋ ጆን ሼለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ክርክሩን አጠበቀው። ፍጹም አፍቃሪ አምላክ ቢኖር፣ ልቡን ሳይዘጋ የሚፈልገውን ሰው ቢያንስ ህልውናውን ከማወቅ አይከለክለውም ነበር። ነገር ግን ልባቸውን ሳይዘጉ ፈልገው ያላገኙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ አምላክ የለም። የክርክሩ ጉልበት በሁለተኛው መንደርደሪያ ላይ ነው። ያላመነ ሁሉ እልኸኛ ወይም ኀጢአት የጣመው ነው ካልን ክርክሩ ይፈርሳል። እኔ ግን ሱባዔ ገብተው፣ ጾመው፣ አልቅሰው፣ ከዝምታ በቀር ምንም ሳያገኙ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። እልኸኞች ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ዝምታው ራሱ ፍለጋውን ያጠልቀዋል፤ ቶሎ የተገኘ ቶሎ ይረሳል የሚል መልስ የሚሰጡ አሉ። ይህ ለአንዳንዱ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ፍለጋው ሳያልቅ ዕድሜው ላለቀበት ሰው ግን አይበቃም።

የመከራ ክርክር

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ጥንታዊ አቀራረቡ ለግሪካዊው ለኤፒኩረስ ይሰጣል። እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ መከራን ማስወገድ ይችላል፤ ሁሉን ዐዋቂ ከሆነ መከራውን ያውቃል፤ ፍጹም ቸር ከሆነ ማስወገድ ይፈልጋል። መከራ ግን አለ።

ይህን ክርክር ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። የዚህ አገር ሰው እንደሚያውቀው ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲጎድል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወራት ነው። ታናሽ ወንድሜ በአራት ዓመቱ በጥቅምት ታመመ። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅም ታመመ። ሁለቱም ወደ አንድ ጸበል ተወሰዱ። ሁለቱም እናቶች ለአንድ ታቦት ተሳሉ። የጎረቤታችን ልጅ ተነሣ፤ ወንድሜ ሞተ። ከቀብር በኋላ የንስሐ አባታችንን «መምሬ፣ እሱን ለምን አዳነው፣ የኛን ለምን ተወው?» ብዬ ጠየቅሁ። የተቀመጡት ሁሉ ሊቈጡኝ ሲነሡ እርሳቸው በእጃቸው ከለከሏቸው። «ልጄ፣ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም» አሉኝ።

እናቴ ግን መልስ አላት ብላ አመነች። «ምን በድዬው ይሆን?» እያለች ለዓመታት ከታዘዘው ጾም በላይ ጾመች። «እግዜር ሲቈጣ በትር አይቈርጥም» የሚለው ብሂል ለእርሷ ተረት አልነበረም፤ በትሩ ልጇ ነበር። እኔ ካደግሁ በኋላ የጎረቤታችን አባት በዚያው ሳምንት ወረታ ወርዶ ኪኒን ገዝቶ መመለሱን ሰማሁ። በሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት የጸሎትም የኀጢአትም አልነበረም።

የአንድ ቤት ኀዘን ነው እንዳትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። አያቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚተርኩት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረኀብ ደግሞ በከብት እልቂት ጀመረ። በሬ የሌለው ገበሬ ሳያርስ ቀረ። ከሞቱት መካከል ኀጢአት ለመሥራት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት ነበሩ።

መልሶቹና ሚዛናቸው

አውስትራሊያዊው ጆን ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ ከመከራ ጋር ሊኖር ማሰብ ራሱን የሚቃረን ሐሳብ ነው አለ። አሜሪካዊው አልቪን ፕላንቲንጋ በ1974 መለሰለት፤ ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጡር ክፉን የመምረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ ሁልጊዜ ደግ እንዲመርጥ የተገደደ ነጻ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብም ሰው ደግም ክፉም ሊሆን የሚችልበት ምርጫ ተሰጥቶታል ይላል። ብዙ ፈላስፎች ይህ መልስ የማኪን የተቃርኖ ክስ እንደ ሰበረ ይቀበላሉ። ጦርነትንና ግፍን በተመለከተ ይሠራል። ነገር ግን የወባ ትንኝ ነጻ ፈቃድ የላትም። የከብት በሽታም አልመረጠም።

ሁለተኛው መልስ መከራ ነፍስን ያጠነክራል፤ ዓለም ትምህርት ቤት ናት የሚል ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሂክ በ1966 በሰፊው አብራርቶታል። በመከራ የበሰሉ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። የአራት ዓመት ልጅ ግን ከትምህርቱ ሳይጠቀም ይሞታል። እርሱ ለእኛ መማሪያ ሆነ ካልን ደግሞ ሕፃንን ለሌሎች ጥቅም መሣሪያ አደረግን።

ሦስተኛው በአገራችን ከማንም አፍ የማይጠፋው ነው፤ የእግዜርን ሥራ ማን ይመረምራል? ይህን የዋህ አባባል አድርገን ልንንቀው አይገባም። ዊልያም ሮ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1979 ምንም ጥቅም የማይታይበት መከራ መኖሩ አምላክ እንደሌለ ለማመን ምክንያት ይሆናል ብሎ ሲከራከር፣ ከቀረቡለት ጠንካራ መልሶች አንዱ ይኸው ነው። ጥቅሙ ለእኛ አልታየንም ማለት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ክፉ የመሰለን ሁሉ በስውር ደግ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ደግ የመሰለንን አይተን ቸርነቱን ማመስገን በምን እንችላለን? አለመመርመር በኀዘን ቀን ብቻ የሚያዝ ሕግ ሊሆን አይችልም።

አራተኛውን ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ሰጥቶታል። በዚህ ዓለም ፍርድ ተሟልቶ አይታይምና ከሞት በኋላ ፍርድ አለ። ይህ ተስፋ ነው፤ ለብዙዎቻችንም ትልቅ ተስፋ ነው። በክርክር ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ሊረጋገጥ የሚገባውን ነገር፣ ማለትም ፍትሐዊ ፈራጅ መኖሩን፣ አስቀድሞ ይወስዳል።

አምስተኛውን፣ የእናቴን መልስ፣ ሁለቱም ወገን ሊጥሉት ይገባል እላለሁ። የታመመ ሁሉ በኀጢአቱ ነው የሚለውን ሐሳብ ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ ሞከሩት፤ መጽሐፉም በመጨረሻ እነርሱን ይገሥጻል። ይህን ለመጣል ከሃዲ መሆን አያስፈልግም። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃል።

የእኔ ፍርድ

አቋሜን ሳልናገር ብወርድ አድርባይነት ይሆንብኛል። የመከራ ክርክር እግዚአብሔር አለመኖሩን አረጋግጧል ብዬ አልደመድምም፤ በፕላንቲንጋ መልስና በማናውቀው ነገር ስፋት መካከል ለአማኙ መቆሚያ ቦታ ይቀራል። ተመልሶ አልቋል የሚለውንም አልቀበልም። ከአምስቱ መልሶች አንዱም በዚያ ጥቅምት በቤታችን የሆነውን አይሸፍንም። አማኝ የሆነ ሰው ይህን ቢያምን እምነቱ አይቀንስም፤ የንስሐ አባታችን አልቀነሰባቸውም። የማያምን ሰውም አማኙን ሁሉ ያላሰበ አድርጎ መቍጠር አይገባውም። ከእርሱ በፊት ጥያቄውን ጠይቀው፣ ሳይመለስላቸው መቀደስ የቀጠሉ ሰዎች አሉና።

ክርክሩ ከሁላችንም የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ። በአጎበርና በኪኒን ሊመለስ ይችል የነበረን ሞት ፈቃደ እግዚአብሔር ነው ብለን ከመዝጋታችን በፊት፣ የእኛን ፈቃድ እንመርምር። ያላደረግነውን በእርሱ ላይ መጫን ለአማኝ ድፍረት ነው፤ ለማያምን ውሸት ነው። ልጇን ያጣች እናት ዘንድ ለቅሶ ስትደርሱም ምክንያት አትስጧት። ምን በድዬ ይሆን ብላ ከጠየቀች ምንም አልበደልሽም በሏት። ይህን ለማለት የእግዚአብሔርን ህልውና ማረጋገጥም ማስተባበልም አያስፈልግም።

ለተማሪዎቼ የምለው ከእንግዲህ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ ነው። የሚጠይቀውን ወጣት ለሚቈጡ ወላጆችም አንድ ነገር ላስታውስ። ከዚህ ደጋ የተገኘው፣ ዓለም የሚያነበው የፍልስፍና መጽሐፍ ዳዊት እየደገመ የሚሰማኝ አለን ብሎ የጠየቀ ሰው ታሪክ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ዋሻው ደጃፍ ቆሞ ዝም በል ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ የምንጠይቀውም የምንመልሰውም ያነሰ ነበር።

 አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።